ደን በባለቤቱ ይኖራል



ዛሬ የምናገረው በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ስለሚገኘው የካፋ ደናችን ነው። ስለ ደን ሲነሳ ሁለት ዓይነት አስተያየት ደጋግመን እንሰማለን። አንደኛው ደን የሚጠበቀው ሰው ከውስጡ ሲወጣ ነው ይላል። ሁለተኛው ደን ሥራ ፈት መሬት ነው፤ ተመንጥሮ ይታረስ ይላል። ሁለቱም የካፋን ደን አያውቁትም። ከቦንጋ ከተማ ወጥታችሁ በየትኛውም አቅጣጫ ብትሄዱ የምታገኙት ደን ለብዙ ትውልድ ሰው ማር ሲቆርጥበት፣ ቡና ሲለቅምበት፣ ኮረሪማ ሲሰበስብበት፣ መድኃኒት ሲፈልግበት የኖረ ነው። ይህን ሁሉ እየሰጠ እስከ ዛሬ የቆመው ተጠቃሚው ወሰኑን ስለሚያውቅ ነው። ስለዚህ የንግግሬ ቁም ነገር አንድ ነው፤ ደን የሚኖረው ከእርሱ የሚጠቀም፣ ስለ እርሱም የሚጠየቅ ባለቤት ሲኖረው ነው።

ደኑና በረከቱ

ቦንጋ ከአዲስ አበባ 460 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ፣ ከባሕር ጠለል በላይ በ1,700 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ትገኛለች። በዙሪያዋ ያሉት ኮረብቶች በዓመት ከ1,500 ሚሊ ሜትር የሚበልጥ ዝናብ ያገኛሉ፤ ደረቁ ወቅት አጭር ነው። ከጎጀብ ሸለቆ ተነስታችሁ ወደ ደጋው ብትወጡ ደኑ ከከፍታው ጋር መልኩን ይለውጣል። መካከለኛው ከፍታ ላይ እነ ቀረሮ፣ ዋንዛና ብሳና ጥላ ይሆናሉ፤ ከሥራቸው የዱር ቡና ይበቅላል። ከፍ እያለ ሲሄድ ኮሶውና ቀርከሃው ይመጣል። የጎጀብ ወንዝም ከዚህ ደን የሚወርደውን ውኃ ይዞ ወደ ኦሞ ይገባል። ስለዚህ እዚህ ደን ሲመነጠር ጉዳቱ በካፋ ብቻ አይቀርም፤ በኦሞ ላይ የተገነቡት የኃይል ማመንጫ ግድቦችም ድርሻቸው ይደርሳቸዋል።

የካፋ ስም ሲጠራ ቡና ቀድሞ ይነሳል፤ ይገባዋልም። ዛሬ ግን ከቡናው ጥላ ሥር ከሚገኙት አንዷን፣ ኮረሪማን ቀረብ ብለን እንመልከት። እናቶች በቅቤ ማንጠሪያው፣ በበርበሬውና በሽሮው በደንብ ታውቋታላችሁ። ቅጠሏ የሰው ቁመት ያህል ወደ ላይ ያድጋል፤ አበባዋና ፍሬዋ ግን ከሥሯ፣ ከአፈሩ አጠገብ ነው የሚወጣው። ስለዚህ ለቃሚው አጎንብሶ፣ የረገፈውን ቅጠል በእጁ ገለጥ እያደረገ ይፈልጋታል። ፍሬዋ ሳትበስል አረንጓዴ፣ ስትበስል ደማቅ ቀይ ናት። ቀዩን ፍሬ ብትከፍቱት ነጣ ባለ ሥጋ የተሸፈኑ፣ ጠቆር ያሉ የሚያብረቀርቁ ዘሮች ታገኛላችሁ፤ መዓዛው ያለው እነርሱ ውስጥ ነው። አረንጓዴው ላይ ዘሩ ገና አልጠነከረም፤ ሲደርቅ ይጨማደዳል፣ ሽታውም ደካማ ነው። የተለቀመው ፍሬ እየተበሳ በክር ይሰካል፤ ከምድጃው በላይ ተሰቅሎም ይደርቃል።

ሰው እያወቀ አረንጓዴውን ለምን ይለቅማል? ቀዩ እንደሚሻል የማያውቅ የካፋ ሰው የለም። ምክንያቱ ስጋት ነው፦ «እኔ እስኪቀላ ብጠብቀው ሌላው ይቀድመኛል።» አንዱ በዚህ ስጋት አንድ ሳምንት ሲቀድም፣ ጎረቤቱ ሁለት ሳምንት ይቀድማል፤ በመጨረሻ ሁሉም ያልደረሰ ፍሬ ይዞ በርካሽ ይሸጣል። ዘር ሆኖ ወደ አፈሩ የሚመለሰውም ፍሬ ይጠፋል። ስለዚህ ገበያ ላይ የምታዩት ኮረሪማ የመጣበት ደን ባለቤት ያለው መሆን አለመሆኑን ይነግራችኋል። ባለቤት ባለበት ፍሬው ይበስላል።

ጥምዝም እንዲሁ ነው። በእርጥብ ጥላ ውስጥ፣ በተለይ በወንዝ ዳር የሚበቅል ቁጥቋጦ ነው፤ ፍሬው ቀጭን ዘንግ መስሎ ይወጣል። ከምድጃ በላይ በጭስ ደርቆ ለበርበሬና ለሚጥሚጣ ቅመምነት በመላ ሀገሪቱ ይሸጣል። ፍሬውን አንድ በአንድ መልቀም ጊዜ ይወስዳል፤ ቅርንጫፉን ቆርጦ መውሰድ ይፈጥናል። የሚፈጥነው መንገድ ግን የሚቀጥለውን ዓመት ፍሬ አብሮ ይቆርጣል።

ማሩና ጌተም

አሁን ደግሞ ከመሬት ቀና ብለን ወደ ዛፎቹ እንመልከት። የካፋ ንብ አናቢ ቀፎውን ከተፈለፈለ ግንድ ወይም ከቀርከሃ ይሠራል፤ ጥሩ ሽታ ባላቸው ዕፅዋት ያጥነዋል፤ ከዚያም በሐረግ አስሮ ረጅም ዛፍ ላይ ይሰቅለዋል። ገመዱም ማሰሪያውም ከደኑ ነው። ሐረግ ቆራጭ ወጣቱን ትቶ የጠነከረውን ይመርጣል፤ ሥሩንም አይነቅልም፤ ሐረግ ከሌለ ቀፎ ዛፍ ላይ እንደማይወጣ ያውቃል።

ከማር ዛፎች ሁሉ የሚበልጥ ክብር የሚሰጠው ጌተም ነው፤ በካፊኛ ቡቶ ይባላል። በበልግ ወራት ሲያብብ ንቡ ከየአቅጣጫው ይጎርፍበታል፤ ከእርሱ የሚገኘው ነጭ ማር በግንቦትና በሰኔ ይቆረጣል። ከግራዋ የሚገኘው ማር ቀለሙም ጣዕሙም ሌላ ነው፤ ከብሳናውም እንዲሁ። ልምድ ያለው ሰው ማሩን ቀምሶ የትኛው ዛፍ እንዳበበ ይነግራችኋል።

ጌተም አንድ ጠባይ አለው፤ ወጣቶች በተለይ እንድታስተውሉት እፈልጋለሁ። ዘሩ መሬት ላይ ወድቆ እምብዛም አይበቅልም። የሚበቅለው ትልልቅና ያረጁ ዛፎች ላይ፣ ሽበት በለበሰው ግንድና ቅርንጫፋቸው ላይ ነው። እዚያ ሆኖ ሥሩን ቀስ በቀስ ወደ መሬት ይሰዳል፤ ውሎ አድሮ ራሱን የቻለ ዛፍ ይሆናል። እንግዲህ አንድ ሰው «ጌተሙን አልነካም፤ አጠገቡ ያለውን አሮጌ ዛፍ ብቻ ነው የምቆርጠው» ቢል ምን ማለቱ ነው? የሚቀጥለው ጌተም የሚበቅልበትን ቦታ ቆረጠ ማለት ነው። ጉዳቱ የሚታየው ከብዙ ዓመት በኋላ፣ ልጆቹ ቀፎ የሚሰቅሉበት ዛፍ ሲያጡ ነው። የማር ዛፍ የሚጠበቀው መላው ደን ሲጠበቅ ነው።

ኮቦና ጉዶ

አባቶቻችን ይህን ሁሉ የያዙበት ሥርዓት ነበራቸው። ዋነኛው ኮቦ ነው። ኮቦ አንድ ቤተሰብ በታወቀ የደን ክልል ውስጥ ያለው የመጠቀም መብት ነው፤ ቀፎ የመስቀል፣ ቡና የመልቀም፣ ቅመም የመሰብሰብ መብት። ከአባት ወደ ልጅ ይተላለፋል። ወሰኑ ወንዝ፣ ሸንተረር ወይም የታወቀ ዛፍ ነው፤ ጎረቤት ሁሉ ያውቀዋል። በሰው ኮቦ ውስጥ ባለ ዛፍ ላይ ሌላው ቀፎ አይሰቅልም። ባለኮቦው ደግሞ በበኩሉ የማር ዛፉን ይጠብቃል፤ ማሩ ከዛፉ ጋር ይሄዳልና። እዚህ ላይ መብቱና ግዴታው አብረው እንደሚሄዱ ልብ በሉ። ዛፉን ከመቁረጥ ይልቅ ማቆየት የሚጠቅመው ሰው ዘበኛ ሳይቀጠርበት ይጠብቃል።

ሁለተኛው ጉዶ ነው፤ በእምነት የተከበረ የደን ስፍራ። ዛፉ አይቆረጥም፤ በዘፈቀደም አይገባበትም። ደጆ የሚባለው የምስጋናና የልመና ሥርዓት የሚፈጸመው በእንዲህ ያሉ ስፍራዎች ነው። ዛሬ ብዙዎቻችን የሌላ እምነት ተከታዮች ነን፤ የቀድሞውን ሥርዓት የማንፈጽም እንኖራለን። ሆኖም በጉዶ የቆዩት ዛፎች ለአካባቢያቸው የዘር ምንጭ፣ ለንቡ ቀለብ፣ ለምንጩ ጥላ እንደሆኑ ማንም አይክደውም። የቤተ ክርስቲያን ደኖች በሰሜኑ የሀገራችን ክፍል ያደረጉትን ጉዶ በካፋ አድርጓል።

ከሁለቱ ሥርዓቶች ሌላ የደን ዕውቀት የያዙት ብዙ ጊዜ ስማቸው የማይነሳ ወገኖቻችን ናቸው። የማንጆ ማኅበረሰብ ከአደንና ከደን ፍሬ ጋር የተሳሰረ ረጅም ታሪክ አለው፤ ደኑን እንደ እርሱ የሚያውቅ ጥቂት ነው። ይሁንና ለዘመናት ተገልሎ ኖሯል፤ ከማዕድም ከመሬትም ተገፍቷል። መሬት ያልደረሰው ሰው ማገዶና ከሰል እየሸጠ ለመኖር ይገደዳል። ከዚያ ደግሞ ደን አጥፊ እየተባለ ይወቀሳል። ይህ ፍትሕ አይደለም። ደኑን ለማዳንም አይጠቅምም፤ ከውሳኔው የተገለለ ሰው የውሳኔው ጠባቂ ሊሆን አይችልምና።

ሥርዓቱ እንዴት ተናጋ

እ.ኤ.አ. በ1897 የመጨረሻው የካፋ ንጉሥ ጋኪ ሸሮቾ ተማርኮ የካፋ መንግሥት ሲያበቃ የመሬት ሥሪቱ ተለወጠ። በየካቲት 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ለብዙ ገበሬ ነፃነት አመጣ፤ ኮቦ ግን በሕግ ፊት መሠረት አጣ። ደኑ የመንግሥት ሆነ። በኋላም የቦንጋ ደን በሀገር ደረጃ ቅድሚያ ከሚሰጣቸው ደኖች አንዱ ተብሎ ተከለለ። ሕዝቡ በልቡ የማን ኮቦ የማን እንደሆነ ማወቁን አልተወም። ነገር ግን በወረቀት የሌለውን መብት ማን ያስከብርለታል? ድንገት ባለቤቱ ሩቅ ሆነ፤ ደን ጠባቂው ጥቂት ሆነ፤ ዛፍ ቆራጩም ከመንግሥት እንጂ ከጎረቤቱ እንደሚወስድ አልተሰማውም።

ከዚያ ሌላው ተከታተለ። በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ያፈናቀላቸው ወገኖቻችን ከሰሜን መጥተው በካፋ ሰፈሩ። ሕይወታቸውን ለማትረፍ የመጡ ሰዎች ናቸው፤ ደኑን ሳያውቁ ደን ውስጥ እንዲኖሩ የተደረጉትም በራሳቸው ፈቃድ አልነበረም። የሕዝቡ ቁጥር ጨመረ፤ ሰፋፊ የቡናና የሻይ እርሻዎች መጡ፤ መንገድ ሲከፈት የጣውላ ገበያው ቀረበ። በደቡብ ምዕራብ ደጋማ አካባቢዎች ጥቅጥቅ ያለው ደን የሚሸፍነው መሬት እ.ኤ.አ. በ1971 ከነበረበት 40 በመቶ ገደማ በ1997 ወደ 18 በመቶ ገደማ መውረዱን የካርታና የሳተላይት ጥናት አሳይቷል። ይህ በአንድ ትውልድ ዕድሜ፣ እዚህ የተቀመጣችሁ አባቶች በዓይናችሁ ያያችሁት ለውጥ ነው።

ውሉ

ለዚህ መመናመን መልሱም የተጀመረው እዚሁ ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 ፋርም አፍሪካ የተባለው ድርጅት ከመንግሥት ጋር ሆኖ በቦንጋና በምዕራብ ሸዋ ጭልሞ አሳታፊ የደን አስተዳደርን ጀመረ። ለኢትዮጵያ ከመጀመሪያዎቹ ሙከራዎች አንዱ ነበር። አሠራሩን ባጭሩ ላስረዳ። መጀመሪያ ሽማግሌዎችና ባለሙያዎች አብረው እየተጓዙ ወሰኑን ይለያሉ። ቀጥሎ በውስጡ ያለው ሀብት ይቆጠራል፤ ምን ዓይነት ዛፍ፣ ስንት ትልቅ፣ ስንት ችግኝ። ከዚያ ተጠቃሚዎቹ ማኅበር ይመሠርታሉ፤ ምን እንደሚወሰድ፣ መቼ እንደሚወሰድ፣ ያጠፋ ምን እንደሚቀጣ በመተዳደሪያ ደንባቸው ይጽፋሉ። በመጨረሻ ከወረዳው ጋር ውል ይፈራረማሉ። ውሉ ለማኅበሩ ደኑን የመጠቀም መብት ይሰጠዋል፤ የመጠበቅ ኃላፊነትም ያሸክመዋል።

አስተውላችሁ ከሆነ ይህ ኮቦ ያወቀውን ነገር በማኅተምና በፊርማ መልሶ ማምጣት ነው፤ ልዩነቱ ባለመብቱ አንድ ቤተሰብ መሆኑ ቀርቶ የተደራጀ ማኅበር መሆኑ ነው። በኮቦ ያልተካተቱት የማንጆ ቤተሰቦች በማኅበሩ አባል የሚሆኑበት በር ተከፍቷል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነውና፣ ጥቂት ዘበኞች ያልቻሉትን ጥበቃ ማኅበሩ ተከፋፍሎ ይሸከመዋል። በ2010 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ቁጥር 1065 የማኅበረሰብን የደን ባለይዞታነት በሕግ ማወቁ ደግሞ ለዚህ ሥራ ትልቅ ድጋፍ ነው።

በ2002 ዓ.ም. ዩኔስኮ የካፋን ባዮስፌር ክልል በዓለም አቀፍ መዝገብ አስገባ።  በዓለም ፊት ስሙ የታወቀው ይህ ክልል የሰውን ኑሮ ከደኑ አያስወጣም፤ በሦስት ቀጠና ይከፋፈላል። ማዕከላዊው ቀጠና በጥብቅ ይጠበቃል። በዙሪያው ያለው ቀጠና የዱር ቡና፣ የማርና የቅመም አጠቃቀም በሥርዓት የሚካሄድበት ነው። ውጪኛው እርሻና መንደር ያለበት ነው። ናቡ የተባለው የጀርመን የተፈጥሮ ጥበቃ ማኅበርም ለዚህ መሳካት ከካፋ ዞን ጋር ብዙ ሠርቷል።

እንዲህ ያለው መንገድ እንደሚያዋጣ የሚያሳይ ምሳሌ ከጎረቤታችን ከጅማ ዞን በለጠ ጌራም አለ። የደን ቡና አምራቾች የምስክር ወረቀት አግኝተው ቡናቸውን በተሻለ ዋጋ ሲሸጡ በነበረበት ደን የመመናመኑ ፍጥነት ከሌላው ያነሰ መሆኑን ተመራማሪዎች አረጋግጠዋል። ከሀገራችን ውጭም በተራራማዋ ኔፓል ከ22,000 በላይ የማኅበረሰብ ደን ተጠቃሚ ቡድኖች ደኖቻቸውን በውል ያስተዳድራሉ።

ገና ያልተፈታው

ይህን ስል ሥራው አልቋል ማለቴ አይደለም። ሁለት ችግሮች በግልጽ መነገር አለባቸው።

አንደኛው በቡናው ውስጥ ያለ ነው። የዱር ቡና ዛፍ በጥላ ውስጥ ጥቂት ፍሬ ነው የሚሰጠው። ምርት ለመጨመር ሥሩ ያለው ቁጥቋጦ ይመነጠራል፤ ከላይ ያለው ጥላ ይሳሳል። በየዓመቱ ሲመነጠር ግን ከቡናው ጋር የሚበቅሉት የቀረሮና የሌሎች ዛፎች ችግኞች አብረው ይታጨዳሉ። ከውጭ ሲታይ ደን ይመስላል፤ ትልልቆቹ ዛፎች ቆመዋልና። እነርሱ ሲያረጁ የሚተኳቸው ግን የሉም። መፍትሔው ቡናውን መተው አይደለም። ምንጣሮ ሲካሄድ የዛፍ ችግኞችን ለይቶ መተው፣ ከደኑም ምንጣሮ የማይነካው ክፍል ማስቀረት ይቻላል። ይህ ቁርጥ ያለ ደንብ ሆኖ በየማኅበሩ ሊጻፍ ይገባል።

ሁለተኛው በመድኃኒት ዕፅዋት ላይ ያለ ነው። ጥቁር እንጨትን ውሰዱ። ቅርፊቱ በአውሮፓ ለፕሮስቴት ሕመም መድኃኒት ይሠራበታል፤ በአፍሪካ ብዙ ስፍራ ዙሪያውን ተልጦ ዛፉ እየደረቀ በመጥፋቱ እ.ኤ.አ. ከ1995 ጀምሮ ዓለም አቀፍ ንግዱ ቁጥጥር ተደርጎበታል። ዙሪያውን የተላጠ ዛፍ ይሞታል፤ ከአንድ ወገን በጥቂቱ የተነሳለት ግን ቁስሉ ሽሮለት ይኖራል። ይህ ዛፍ በደናችን አለ። ነገ ገዥ ሲመጣ ደንባችን ቀድሞ ሊጠብቀው ይገባል።

ዓለም ከዚህ ደን ምን ያገኛል

እ.ኤ.አ. በ1971 የቡና ፍሬ አድርቅ በሽታ ሀገራችን ሲገባ የቡናን ዘር ያዳኑት ከደቡብ ምዕራብ ደኖች የተሰበሰቡት ዓይነቶች ነበሩ። የጅማ ምርምር ማዕከል ከእነርሱ መርጦ ያባዛቸው በሽታ ተከላካይ ዓይነቶች ዛሬም በብዙ ገበሬ ማሳ ይበቅላሉ። የአረቢካ ቡና በዓለም ላይ የሚተማመንበት የዘር ሀብት አብዛኛው በእነዚህ ደኖች ውስጥ ነው፤ ሙቀቱ እየጨመረ ሲሄድ ዋጋው የበለጠ ይከብራል። በ1998 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 482 የዘር ሀብትና የማኅበረሰብ ዕውቀት ያለ ፈቃድና ያለ ድርሻ እንዳይወሰድ ይደነግጋል። ይህን አዋጅ ማወቅ የባለሙያ ሥራ ብቻ መሆን የለበትም። በየቀበሌው ተነብቦ ሊታወቅ ይገባል።

እ.ኤ.አ. በ2023 የአውሮፓ ኅብረት ያጸደቀው ሕግም ከ2020 መጨረሻ በኋላ ደን ተመንጥሮ በተገኘ መሬት የበቀለ ቡና ወደ ኅብረቱ ገበያ እንዳይገባ ይከለክላል፤ ቡናው የበቀለበት ቦታም በካርታ እንዲታወቅ ይጠይቃል። ለእኛ ፈተና ነው፤ ዕድልም ነው። ወሰኑን በካርታ የያዘ፣ ደኑን ያላሳሳ ማኅበር ይህን ሊያረጋግጥ ይችላል። ወሰኑ ያልተለየ ደን ግን ደህና ቡና ይዞ ሳለ ማስረጃ ያጣል።

የምንሠራው

የተከበራችሁ አድማጮች፣ ከዚህ ሁሉ በኋላ ሥራው ግልጽ ነው ብዬ አምናለሁ።

የደን ማኅበራት የኮረሪማና የጥምዝ መልቀሚያ ቀን በጋራ ይቁረጡ፤ ከዚያ ቀን በፊት የተለቀመ አረንጓዴ ፍሬም በማኅበሩም በገበያውም አይመዘን። ነጋዴዎች ለቀዩ ኮረሪማ የተሻለ ዋጋ ክፈሉ፤ ጥራቱን የምታገኙት በዚያ ነው። ቅመሙን በአብዛኛው የሚለቅሙትና የሚያደርቁት ሴቶች ናቸው፤ በማኅበሩ ኮሚቴ ውስጥ ግን ጥቂት ናቸው። ስለዚህ ወንበሩ ለእነርሱም ለማንጆ ወገኖቻችንም በመተዳደሪያ ደንቡ ይቀመጥ። ወረዳዎች የተፈረሙትን ውሎች አክብሩ፤ ለባለሀብት መሬት ከመሰጠቱ በፊት በውል የተያዘ ደን መሆን አለመሆኑ ይጣራ። መምህራን የአካባቢያችንን ዛፎች በካፊኛም በአማርኛም ስማቸው ለተማሪዎች አስተምሩ፤ ሽማግሌዎችን ወደ ክፍል ጋብዙ። ልጁ ስሙን የማያውቀውን ዛፍ ነገ ሊጠብቀው አይችልም።

ለወጣቶች አንድ ልበል። አባቶቻችሁ ለዚህ ደን ዕውቀት ትተውላችኋል፤ ሕጉም ዛሬ ከጎናችሁ ነው። በየቀበሌያችሁ ያለው የደን ማኅበር አባል ሁኑ፤ ሒሳቡን መዝግቡ፤ ካርታውን አንሱ፤ ስብሰባው ላይ ተናገሩ። ቦንጋ ከኅዳር 2014 ዓ.ም. ወዲህ የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል የአስተዳደር መቀመጫ ናት፤ ውሳኔ የሚሰጥበት ቢሮ ከደኑ የአንድ ሰዓት መንገድ እንኳ አይርቅም። ከእንግዲህ ደናችን በሩቅ ሰው ጠፋ ብለን ልናማርር አንችልም። ባለቤቶቹ እኛ ነን፤ ተጠያቂዎቹም እኛው ነን።